ወደ ጎረቤት ያዘነበለው አሸንዳ

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች እኔው ራሴ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። የማታ ትምህርት ቤቱ እንደኔ ያለ ተማሪ አይቶ አያውቅም፤ መምህራችንም ትመሰክራለች። ደህና፣ በአንድ ትንፋሽ እንኳን አይደለም፤ መሀል ላይ ተነስቼ ውሃ ጠጥቻለሁ። መምህሯም የመሰከረችው እንደኔ የሚያወራ ተማሪ አይታ እንደማታውቅ ነው። ጽሕፈቱ ግን የእጄ ነው። ወሬዬን በሰው አፍ ልልክብሽ ስላልፈለግኩ ነው በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት።

የጠጣሁት ውሃ ደግሞ የወንዝ አይደለም። እሱን ልንገርሽ።

ወገብሽን ይዘሽ ወደ እህትሽ ቤት ስትሄጂ በር ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ወገቧ ሲሻላት ትመጣለች ብለህ እንዳትጠብቅ። ውሃ ደጄ ሲደርስ ነው የምመጣው።» እኔም አፌን ሞልቼ «ወንዝ እያለ ጣራ የሚያልበው ማነው?» አልኩሽ። ጄሪካን ተሸክመሽ ዳገቱ ላይ የወደቅሽው አንቺ፣ ወንዙን የማሞግሰው እኔ!

እውነቱን ላውጣው። ወንዙን ወድጄው አልነበረም፤ ጎረቤታችንን ቆርቆሮ ሠሪውን ጠልቼው ነው። (እትዬ፣ ደብዳቤውን የሚያነቡላት እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉልኝ።) «ትርፍራፊ ቆርቆሮ አለኝ፣ አሸንዳ ልግጠምላችሁ» ሲልሽ «እጅህ ይባረክ» አልሽው። የእኔን እጅ መቼ መረቅሽው? ዝናብ ባባራ ቁጥር ማሰሮሽን ይዘሽ የጣራ ውሃ ወደሚያጠራቅምበት ወደ እሱ በርሜል ስትሄጂ ሳቅሽ በአጥሩ ላይ ይመጣል። እኔ አልፎ አልፎ ከወንዝ ያመጣሁልሽን ግን በነጠላ ስታጠልዪ ፊትሽ ይኮሳተራል። በበርሜል ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

አንቺ እንደሄድሽ ክረምቱ ገባ። ወንዙ ጭቃ ሆኖ ሞላ። ልቅዳ ብዬ ብወርድ ጄሪካኑን ከእጄ መንጭቆ ሄደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ የእኔን ሳያስቀኝ ነው የወሰደው። ሰማዩ ሙሉ ውሃ፣ ቤቴ ውስጥ የምጠጣው የለም።

እሱን መለመን ሞቴ ነው ብዬ፣ አጥር ሥር የተወልንን ትርፍራፊ ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁና አሸንዳውን ራሴ መታሁት። ዝናቡ መጣ። ኩባያ ይዤ ከሥሩ ባስቀመጥኩት በርሜል አጠገብ ቆምኩ። ጠብ የሚል የለም።

ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ሰማሁ። «ጎረቤት! ምን በደልኩህ? ጣራህን ሙሉ ዶሮዎቼ ላይ ደፋኸው እኮ!»

አሸንዳውን ወደ እሱ ግቢ አዘንብዬ ነው ለካ የመታሁት። ስሠራ ዓይኔ ወዲያ ብቻ ሲያይ እጄም ተከተለው።

በስብሶ መጣ። ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ መሰላል ላይ ወጣ። «ውሃ እንዳንተ ጉራ አይደለም፣ ወደ ላይ አይሄድም» አለና አንዱን ጫፍ አነሳው። «የመጀመሪያውን ዝናብ ድፋው፤ የጣራ እጣቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ያዝ፣ ክዳኑንም አትርሳ።» ወርዶ እጁን እየጠረገ «ባለቤትህ መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። በመጣ ቁጥር ይኸው ነው ጥያቄው። «አንተን ምን አገባህ?» እለዋለሁ።

በጋ ሲመጣ ግን የእኔ ተራ ሆነ። የሁለታችንም በርሜል ደረቀ፤ የእሱ ቀድሞ። ጄሪካን ይዞ በሬ ላይ ሲቆም ደስታዬን ለመደበቅ ሳል አስመሰልኩ። ወንዝ ወሰድኩት። ከወራጁ ሊቀዳ ሲያጎነብስ «ተው! ዳሩ ላይ አሸዋውን ቆፍር፣ እስኪጠራ ጠብቅ» አልኩት። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከሚያስፈልገው በላይ አስጠበቅኩት።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ አዳለጠው። ያው አንቺ የወደቅሽበት ቦታ ነው። ክንዱን አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። የጠላሁትን ሰው ክንድ ለመያዝ እዚያ ነበርኩ፤ አንቺ ስትወድቂ ግን ቤት ተቀምጬ ወንዙን አወድስ ነበር።

በጋው አልፎ ትናንት እንደገና ዘነበ። የመጀመሪያውን ደፋሁት፤ የቀረው በርሜላችን ውስጥ ነው፣ ደጅሽ ላይ። ዋሽቼ አልጠራሽም፤ በርሜሉ በጋውን ሁሉ አያዘልቅም። ሲያልቅ ወንዝ የምወርደው ግን እኔ ነኝ። አንቺ ያን ዳገት አትረግጪውም።

ከጻፍኩት ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ቆርቆሮ ሠሪው ስለ አንቺ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ምስኪኑ ከአሸንዳ በቀር ወሬ የለውም። በእሱ አፍ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ በራሴ አፍ ማለቱ ከብዶኝ።

መቼ ነው የምትመጪው?

ዳገቱን የተረከበው
ባልሽ