ሻሼ ድምፅ ካልሰማች

ይድረስ ለልጄ ለአይናለም። መልክሽ ከዓይኔ ሳይጠፋ ክረምቱም መኸሩም አለፈ፤ አንቺስ እንደምን ከረምሽ? ስልኩ እንቢ ቢል ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን አምሳሉ ይዞልሻል። እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ላማችን ሻሼ ነሐሴ ላይ ወለደች። አሁን የማልባት እኔ ነኝ፤ ግን እንደምታውቂያት የእናትሽን ድምፅ ካልሰማች ወተቷን ትይዛለች። የከብት ባለሙያው «ፉርሽካ ጨምርላት» አለኝ። ላም መመገብ እንጂ ላም ማናገር የት ያውቃል! የእናትሽን ነጠላ ደርቤ ብጠጋት እንኳ አሽትታኝ ማለቢያውን በእርግጫ ደፋችው።

መስከረም ላይ እናትሽ ከመደቧ ሆና «ሻሼ፣ የኔ እናት» ብላ ስትጣራ እበረት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ማለቢያውም ጢም ይላል። በጥቅምት ላሟን አምጥቼ ከቤቱ ግድግዳ ሥር አሰርኋት፤ በኅዳር ደጃፉ ላይ። ዛሬ ጠዋት እመደቡ አጠገብ አስገባኋት። እናትሽ የላሟን ጆሮ እያሻሸች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ሻሼ ግን ሰምታ ኖሮ አንድ ኩባያ ሰጠችን።

እናትሽ ወተቱን በእጇ አመለከተችኝ፤ ላንቺ እርጎ ይሁን ማለቷ ነው። ከድኜ አስቀምጫለሁ፤ እርጎ ግን ብዙ ቀን አይቆይም።

መንገዱን የድንግል ልጅ ያቅናልሽ።

አባትሽ ቢምረው