በምንጣፍ የሸፈንኩት ወለል

አባዬ፣ ትሰማኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ልንገርህ። አንተን ከሸኘን ወዲህ ነቀምት ሁለተኛ ክረምቷን ይዛለች። ዝናቡ እንደምታውቀው ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እስኪበቃው ይወርዳል።

የጓዳው ወለል ተጠግኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትል አልነበር፣ እንደዚያው ነው። የጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ ዓይን ጭራሹን ጠፍቷል። ኮቴዬን ሲሰሙ አሁንም «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ ይሉኛል፤ ያንተን ስም ሳያነሱም አይውሉም።

ከከተማው አስተዳደር የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞችን ቤት ደህንነት የሚያዩ ሰዎች የመጡብንን ቀን ታስታውሳለህ? ነገ ይመጣሉ ሲባል እንግዳ ሊመጣብን ነው ብዬ ተነሳሁ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፣ ስንጥቁን በቁም ሳጥን ጋረድኩ፣ በጓዳው በር ምስጥ የበላውን ጣውላ ደግሞ አዲሱን ምንጣፍ አለበስኩት። እማዬ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው፤ የቤት ገመና ለባዕድ አይታይም። እነዚያ ሰዎች የሚመጡት ገመናውን ለማየት መሆኑ አንድም ጊዜ አልታሰበኝም።

ለአንተ ግን ገብቶህ ነበር። ሰዎቹ ተቀምጠው ያቀረብኩላቸውን ጭኮ ሲበሉ ምንጣፉን በክራንችህ መታ መታ አደረግከው። በዓይኔ ስቆጣህ ተውክ። አንገር ጉቲን እርሻ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ትራክተር የነዳህ፣ አንድ እግርህን እዚያው ትተህ የመጣህ ሰው የልጅህን ዓይን ፈራህ። ሰዎቹም ቤታችሁ ያምራል፣ የሚጠገን የለውም ብለው ሄዱ። ኮራሁ አባዬ። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ኮራሁ።

ምንጣፉን ስላማረኝ ሳላነሳው ቀረሁ። ምስጡ ግን ከሥሩ መብላቱን አልተወም፤ ጣውላው ከየት ጀምሮ እንደሚከዳ ከእንግዳ ስሸፍን ካንተም ሸፈንኩ። ከጓሮ ስትገባ ክራንችህ ሰመጠ፣ ዳሌህ ተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሳህም። ሊጠይቅህ ለመጣ ሁሉ ዝናቡ አንሸራተተኝ ትል ነበር። አጠገብህ ቆሜ እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። ለቅሶው ላይም ዝናብ ነው ተባለ፤ አለቀስኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም።

ሰሞኑን ሰዎቹ ወደ አዴ ጫልቱ ቤት እንደሚመጡ ተነገረ። አዴ ጫልቱ ጠሩኝና ምንጣፍ በእጄ አስይዘው የተቦረቦረውን ወለል እንድሸፍንላቸው ለመኑኝ። አልሸፍንም አልኳቸው። በእንግዳ ፊት ልታዋርጂኝ ነው ብለው ተቀየሙኝ። እኔም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝናቡ እንዳልሆነ፣ ምንጣፉን ያነጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ።

አዴ ጫልቱም አባትሽ ያውቅ ነበር ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ያውቅ ነበር አልኳቸው። ምንጣፉን በዳሰሳ ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ጠቀለሉት። ሰዎቹ ሲመጡ ጉድጓዱን በጣቴ አሳየኋቸው፤ አናጢውም በሳምንቱ መጣ።

አባዬ፣ አንተ የእኔን ገመና ሸፍነህ ሄድክ። ውለታህን አልረሳም፣ መሸፈኑን ግን ከእንግዲህ አልችልም። አባትሽ ምን ሆኖ ሞተ ለሚለኝ ሁሉ፣ ዝናብ ነው አልልም።

ልጅህ