የመቅደላዊት ክንድ እንዳይደክም

ለውድ ወንድሜ ለሰውአገኝ፣
እንደምን ሰነበትህ? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደኅና ነን።

ልጄ መቅደላዊት በጠረጴዛ ቴኒስ ጎንደርን ወክላ አዲስ አበባ ልትመጣልህ ነው። በእጅ ጀርባ መምታት ሰው መናቅ መስሎኝ ስከለክላት ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን በግራ የመጣባትን ኳስ በእጇ ጀርባ ትመልሳለች፤ በኃይል የሚመታውንና ቀስ ተብሎ የሚመለሰውንም ለይታለች። ነፍሷን ይማርና እናቷ ባየቻት!

አብረዋት የሚጫወቱት ጓደኞቿ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ለእሷ ግን በሬዬን ሸጬ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥሁላት።

«ምነው አባባ?» አለችኝ።

«ክንድሽ እንዳይደክም።»

ጓደኞቿ ሳቁብኝ። «አያ በላቸው፣ አውቶቡሱን በክንዳችን ነው እንዴ የምንገፋው?»

አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መንገዱን ሰላም እንዲያደርግላቸው በጸሎት እንዲያስቧቸው የሁሉንም ስመ ክርስትና ጠይቄ ለቄሱ ሰጠሁ።

እሷ ማክሰኞ፣ እነሱ ረቡዕ ይደርሳሉ፤ ሁለቱንም ቀን ወጥተህ ተቀበልና ደውልልኝ። ቸሩ አምላክ ደስታውን በጋራ ያሰማን።

ታላቅ ወንድምህ በላቸው