ፀሐይ ላይ የተሰጡ የራዲዮ ድንጋዮች

ጎባ፣ ሰኞ

በመጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የራዲዮ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ የለም። ያለው ዚንክና ኬሚካል ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ጉልበት ይወጣል፤ ዚንኩ ተበልቶ ሲያልቅ ድንጋዩም ያልቃል። በቃ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው።

ዛሬ ጎረቤቴ ሐጂ አልይ አራት ያለቁ ድንጋዮች ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አስጥተው አገኘኋቸው።

"በርበሬ ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"አዱ ይሞላዋል፣ መምህር። ይጠብቁ ብቻ" አሉኝ፤ አዱ የሚሉት ፀሐይን ነው።

ከቀትር በኋላ ድንጋዮቹን መልሰው ሲያስገቡ ራዲዮው ተናገረ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ እኔን እያየ ሳቀ።

ማክሰኞ

አጋጣሚ ነው ብዬ ልፈትን ተነሣሁ። ከእጅ ባትሪዬ ሁለት የደከሙ ድንጋዮች አወጣሁ፤ አምፖል አሰርኩባቸው።

ጠዋት፣ በብርድ፦ አምፖሉ ሊጠፋ የደረሰ ፍም ይመስላል።
ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ቆይተው፦ ቢጫ ሆኖ በራ።
ሲቀዘቅዙ፦ እንደገና ፍም።

ደገምኩ። ያው ነው።

ረቡዕ

ፀሐይ ይሁን ሙቀት መለየት አለበት። ድንጋዮቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ከምድጃው አጠገብ፣ እሳቱ እንዳይነካቸው ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ድንጋይ ልታበላን ነው?" አለች ባለቤቴ።

ያለ ፀሐይም አምፖሉ በራ። እንግዲህ ሙቀቱ ነው። ሐጂም ተሳስተዋል፤ ፀሐይ ምንም አይሞላም። ውስጡ የተረፈውን ኬሚካል ብርድ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፈጥነዋል። በዚህ ብርድ አገር አለቀ ብለን የምንጥለው ብዙው ገና አላለቀም። ይህን ሳላውቅ አረጀሁ። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።

ሐሙስ

አንዱ ድንጋይ ተበስቶ ፈሳሹ ጠረጴዛዬን አበላሸ። ዚንኩ አልቋል፤ ይሄኛው ቢሞቅም አልነቃም። ግማሹ ትምህርቴ እውነት ነበር ማለት ነው። አላጽናናኝም።

ከድር ትዝ አለኝ። ተማሪዬ ሳለ "እናቴ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ስታውለው ይሠራል" ብሎኝ ነበር። "ወሬ አታምጣ፣ ተቀመጥ!" አልኩት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። አሁን ሮቤ ከተማ መምህር ነው። የሚያስተምረውም እኔው በሰጠሁት ደብተር ነው።

ዓርብ

ሦስት ደብዳቤ ቀደድኩ። አራተኛውን ወደ ሮቤ በሚሄደው መኪና ላክሁ፤ ቃሉ ይህ ነው፦

"ውድ ከድር፣ ደብተሬ ውስጥ ስለ ድንጋይ የጻፍኩት ገጽ ጎዶሎ ነው። የእናትህ ድንጋይ በእውነት ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱን ከዚህ ጋር ጽፌልሃለሁ። ያን ቀን ሳልመረምር አስቀመጥኩህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገጹን አስተምረኸው ይሆን? እንዳንተ የሚል ልጅ ተነሥቶስ ከሆነ፣ ምን አልከው? በሚመለሰው መኪና ቶሎ ጻፍልኝ።"