አሥራ አንድ ሴንቲሜትር

ታይናን፣ በጨረቃ አቆጣጠር የአዲስ ዓመት በዓል ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የጉልበትሽ ሕመም በናጎያ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ግን ብዕር ካነሣሁ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ብድግ ብዬ ወደ አባባ ክፍል ገብቼ ወጥቻለሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድብሽ ለዚህ ነው። ስልክ ያልደወልኩትም ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ በዚህ ግድግዳ የምናገረው ሁሉ እሳቸው ጆሮ ይገባል።

ስለ አባባ የኦርኪድ አበባ ልነግርሽ ነው። እባክሽ ደብዳቤውን እዚህ ጋ አትጣዪው።

አባባ ራሳቸው አዳቅለው ዘሯን በጠርሙስ የዘሩት እማዬ በሞተችበት ዓመት መጀመሪያ ላይ ነበር። ሐምሌ ላይ ያ አውሎ ነፋስ የአበባ እርሻውን ጣሪያ ሲገነጥለው ከችግኞቹ ሁሉ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። እማዬ በምታጣጥርበት ሳምንት እሳቸው ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው የአበባ ማሰሮ ይለቅሙ ነበር። አንቺም በቀብሯ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንቱታውን እንኳ ትተሽ፣ «ለቅጠል ያለቀስከውን ያህል ለእናቴ አላለቀስክም» አልሻቸው። ይኸው አምስት ዓመት ሞላው። አንቺም አልመጣሽ፣ እሳቸውም ቃል አልላኩልሽ። እኔ «እንታረቅ በሏት» ባልኳቸው ቁጥር ግን መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ስታብብ እጽፍላታለሁ። ባዶ ማሰሮ ይዤ ምን ብዬ ነው የምጽፍላት?»

እትዬ፣ ኦርኪድ ቤት ውስጥ እንዴት ያለ አዝጋሚ ነገር እንደሆነ አታውቂም። በዓመት ሁለት ቅጠል፣ ሲበዛ ሦስት። አንዱ ቅጠል ጫፉን ካሳየ ርዝመቱን እስኪጨርስ አራት ወር ይፈጃል። እሑድ እሑድ ጠዋት አባባ በግራ እጃቸው ማስመሪያ ይዘው ይለካሉ፤ ቀኛቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ አይታዘዝም። እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። «አሥራ ዘጠኝ ከግማሽ» ይሉኛል። በሚቀጥለው እሑድ «አሥራ ዘጠኝ ከግማሽ።» ከዚያ በሚቀጥለው «ሃያ ልትሞላ ነው!» ብለው እንደ ሕፃን ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ውስጤ ይቃጠላል። ስታብብ ብቻ ነዋ የምትመጪው!

ስለዚህ ቸኮልኩ። ማዳበሪያውን ከታዘዘው እጥፍ አደረግሁት። መብራት ገዝቼ ከላይዋ ሰቀልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ክፍሉን አሞቅሁ። አደገች! ረጅሙ ቅጠል ሠላሳ አራት ሴንቲሜትር ደረሰ፣ ስፋቱ ከመዳፌ በለጠ፣ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ወለሉ ተንጠለጠለ። አበባ ግን የለም። ባለፈው መስከረም አክስት አ-ቱዋን ልትጠይቀን መጣች፤ እርሻው ላይ ከአባባ ጋር ሃያ ዓመት የሠራችው፣ አፏ የማያርፈው። በሩ ላይ ቆማ አየቻትና ሣቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ጎመን ነው እንዴ የምታበቅዪው? ቀንጥሺና በነጭ ሽንኩርት ጥበሺው!»

«ምን ጎደላት ታዲያ?» አልኳት ተናድጄ።

«ምንም አልጎደላት። ችግሯ እሱ ነው። የጠገበ ምን ቸግሮት ያብባል? መስኮት ክፈቺላትና ትንሽ ይብረዳት፤ ያኔ ማበቡን ታስባለች።»

ብርሃን የሚገባው ግን የአባባ ክፍል ብቻ ነው። ቅዝቃዜው ሲጀምር «በእኔ አልጋ ይተኙ፣ እኔ እዚህ እሆናለሁ» ብዬ ለመንኳቸው። «እሷ እየበረዳት እኔ ጓዳ ተሸፍኜ ልተኛ? ሂጂ ወዲያ» አሉኝ። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ያንን አንቺ የሠራሽላቸውን የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ አጠገቧ ተቀመጡ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብቻ አይደለም። እትዬ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ፤ መስኮቱን በየማታው የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ሲያስሉ እየሰማሁ ከፈትኩት። ነገ ትጀምራለች፣ ነገ ትጀምራለች እያልኩ።

ታኅሣሥ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው በአምቡላንስ ወሰድናቸው። በማግስቱ ልብስ ልወስድላቸው ወደ ቤት ስመለስ ማሰሮዋን አንሥቼ ከሦስተኛ ፎቅ ልወረውራት ነበር፤ በእማዬ ስም እምልልሻለሁ። ከፍ ሳደርጋት ከታችኛው ቅጠል ሥር አንዲት አረንጓዴ ነገር አየሁ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። ሥር ነው ብዬ ነበር። የሥር ጫፍ ግን ድቡልቡል ነው፤ የዚህችኛዋ እንደ ጫጩት ምንቃር የሾለ ነበር። የአበባ ዘንግ! ማሰሮዋን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ንዴት እስካሁን አልለየሁትም።

ሆስፒታል ደርሼ ስነግራቸው የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፋቸው ገፍተው «ምን ያህል?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ቀረ። ገና በሩን ስከፍት «ዛሬስ?» «አንድ ሴንቲሜትር።» «ዛሬስ?» «አንድ ከግማሽ።» አዲስ የመጣችው ነርስ የትኩሳታቸውን ልክ የምንነጋገር መስሏት ካርዱን ስታገላብጥ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። የደረታቸውን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ብርዱ ያመጣው ቁስል እየዳነ ነው አለ፤ ከሱ ኋላ ያለውን ጥላ ግን ብርድ እንዳላመጣው፣ ቆየት ያለ መሆኑን ነገረኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ «ሚያዝያ ላይ መቃብር በምንጠርግበት በዓል እናታችን ጋ ይዣቸው መሄድ እችላለሁ?» ሐኪሙ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና «ከእርስዎ ሌላ ልጅ አላቸው?» አለኝ።

የአበባ ዘንግ ከሩዝ ፍሬነት ተነሥታ የመጨረሻ ቁመቷን አግኝታ፣ እምቡጥ ይዛ እስክትፈነዳ ሦስት ወር ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። በማግስቱ «ዛሬስ?» ሲሉኝ ከአፌ «አምስት!» የሚል ወጣ፤ ሦስት ነበረች። በነጋታው «ሰባት!» ፊታቸው ሲበራ ማቆም አቃተኝ። ሊወጡ ሲሉ ሠላሳ አድርሻት ነበር፤ እምቡጥም አሳይታለች ብዬ ጨመርኩበት። እውነተኛዋ አሥራ አንድ ነች።

ሐሙስ ይወጣሉ ሲባል ያዘኝ ጭንቅ! ወደ አክስት አ-ቱዋን ሮጬ «ከገበያ ትልቅ ገዝቼ ልተካት?» አልኳት። ገላመጠችኝ። «አባትሽ አንቺን ከሌላ ሰው ልጅ ቢያምታቱሽ ያምታቱሻል፣ እሷን ግን አያምታቷትም። አርፈሽ ቁጭ በዪ።»

ትናንት ገቡ። የዓሣ ሾርባ ሠርቼ ነበር፤ ሳይቀምሱ ቀጥ ብለው ወደ መስኮቱ። ማስመሪያውን አቀበልኳቸው። ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው ለኩ። ደግመው ለኩ።

«አሥራ አንድ» አሉ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ቆሜያለሁ።

«ሆስፒታሉ ሴንቲሜትር እየቆረጠ ነው የሚሸጠው ማለት ነው» አሉና ሣቁ። ሣቁ ወደ ሳል ዞረ። ጀርባቸውን እየደገፍኩ አስቀመጥኳቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ «ለእህትሽ ጻፊላት» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«አበበች ብለሽ።»

«አባባ፣ ገና እኮ ነች! ገና ሁለት ወር...»

«አርባ ዓመት ኦርኪድ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ስንት እንደሚቀራት ከአንቺ አልማርም። ጻፊ።»

«ቀለሟስ ምንድን ነው ብትለኝ?»

ጥቂት ወደ መስኮቱ አዩ። «መጥታ ትየዋ» አሉ።

እንግዲህ እትዬ፣ ትእዛዝ ነውና ጽፌልሻለሁ፤ አበበች። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የእኔ ነው፣ አንብበሽ ቅደጂው። የልጆቹ ትምህርት እስኪዘጋ አትጠብቂ። ከበዓሉ በኋላ ቲኬት ይረክሳል ብለሽም አትጠብቂ። ስትገቢ ስለ አበባው አንዳች አትበያቸው፤ ብቻ አጠገባቸው ተቀመጪ፣ እጅሽን ስጪኝ ካሉሽም ስጪያቸው፤ የሚይዙሽ በግራው ነው።

ባሕሩን የምትጠብቀው አምላካችን እናት ማዙ መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ቤትሽንና ልጆችሽን ትጠብቅልሽ፣ ጉልበትሽን ታጽናልሽ። አሁን እየተጣሩ ነው፤ መነሣቴ ነው።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ