ሰሌዳው እንዲነበብ ስለታጨደው ማገጥ

ለክቡር ሚስተር ጎድፍሪ ፔልሃም፣
የትሪስልኮት መንደር ምክር ቤት ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ፣ የእርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና ከሁሉም በላይ የሣር ማጨጃ ማሽንዎ ጤና እንዴት ሰንብቷል? እኔና ዓይነ ስውሯ እህቴ ኤነድ፣ እርስዎ እስኪያስቡልን ድረስ ደህና ነበርን። ይህን በግልጽ መጻፌም መንደሩ በሙሉ ምስጋናዬን ይስማ ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም።

አንደኛ፣ ጸጉራሞቹን የዱር ንቦች ለመርዳት ምክር ቤቱ ስላሳየው ልግስና አመሰግናለሁ። በየመብራት ምሰሶው ያሰቀሏቸው አበቦች እጅግ ድርብርብ ስለሆኑ ንቧ አፏን የምታስገባበት ቀዳዳ የላቸውም፤ ብትገባም የምትቀስመው አታገኝም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያስተከሉት የንብ ሆቴል፣ ያ ለንብ ማደሪያ ተብሎ የተበሳሳው የእንጨት ሣጥንም፣ ያማረ ነው። የእኛዎቹ ንቦች የሚኖሩት አይጥ ለቃው በሄደችው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ግን፣ ሆቴሉ እስካሁን ያስተናገደው ሸረሪት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ተዳፋቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለው ተዳፋት ላይ ንቦች አበባቸውን የሚቀስሟቸው ቀይ ማገጥና ኮሸሽላ ይበቅሉ ነበር፤ በመካከሉም፣ በአሮጌ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከአካባቢው ሁሉ ጠፍታ እዚያ ብቻ የቀረችው ባለ ቀጭን ድምፅ ጸጉራም ንብ ጎጆ ነበር። ኤነድ በየቀኑ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣቸው ነበር፤ ለእርሷ በጋ ማለት ያ ድምፅ ነው። ምክር ቤቱም «ለንቦች ሲባል አይታጨድም» የሚል ሰሌዳ ሲያቆምልን ከልቤ ተደስቼ፣ እጇን ይዤ ፊደሎቹን አስዳሰስኳት።

ከዚያ የውብ መንደር ውድድር ዳኞች መምጫ ሲቃረብ፣ ክቡርነትዎ በመኪና ሲያልፉ ማገጡ አድጎ ሰሌዳውን እንደሸፈነው ተመለከቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰሌዳውን ከፍ ያደርግ ነበር። እርስዎ ግን ማገጡን አሳጨዱ። ሮጬ ስደርስ አጫጁ ዴሪክ ኮብ ማሽኑን አጥፍቶ፣ «እኔን ምን ይቆጡኛል ሚስተር ታስከር? ሰሌዳው ከመንገድ ይነበብ አሉኝ፤ ይኸው ተነበበ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከመንገድ ማዶ ሳይቀር ይነበባል።

ሦስተኛ፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። «አይዞህ ሞሪስ፣ ሣር አይደል እንዴ? ይበቅላል» ብለውኛል። ሣሩ በቅሏል። እነዚህ ንቦች ግን ለክፉ ቀን የሚሆን ማር አያከማቹም፤ አበባ ሲያጡ ይራባሉ። ብርዳማውን ክረምት የሚሻገሩት ደግሞ በበጋው መጨረሻ የሚወለዱት ንግሥቶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ሳይወለዱ ምግባቸው ታጨደ። ለከርሞ የሚተርፍ የለም ማለት ነው። ይህን ስናገር ጸሐፊዋ በትሕትና ሻይ ቀዳችልኝ፤ እርስዎም ወደ መኪና ማቆሚያው ጉዳይ አለፉ።

በመስከረም ለየቤቱ የአበባ ዘር አደላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። የደረሰኝን በጓሮዬ ዘርቼዋለሁ፤ ለማን እንደምዘራ ግን አላውቅም።

እንግዲህ እንኳን ደስ አለዎት። መንደራችን በተፈጥሮ ጥበቃ አንደኛ ወጥቷል፤ ዳኞቹም የሰሌዳውን ግልጽነት ለይተው አድንቀዋል። እኔ ምንም አልጠይቅም። የሚመለስ ነገር ቢኖር ኖሮ እለምንዎ ነበር፤ እሱ ስለሌለ ጨዋነቴን ብቻ አቀርባለሁ።

ከፍ ባለ አክብሮት፣ እጅግ ካጠረው ሣር አጠገብ፣
ውለታዎ ዘወትር ያለብኝ
ሞሪስ ታስከር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሽልማቱ ሰሌዳ ትናንት ተዳፋቱ ላይ ተተክሏል። ዴሪክ ምሰሶውን ለማቆም መቆፈር አላስፈለገውም፤ አይጥ የቆፈረችው ጉድጓድ ነበረለት። ኤነድ ምን እንደሚል እንዳነብላት ጠየቀችኝና «እዚህ ንቦች ይኖራሉ» ብዬ አነበብኩላት። «እስቲ ዝም በል፣ ልስማቸው» አለችኝ። ዝም አልኩ። ብዙ ቆየን።