የስልክ ክፍሉ ኮምፒውተር ወደ አሮጌው ሲስተም እንድትመለስ ስለመለመን

ለድርጅታችን የቴክኖሎጂ መምሪያ ክቡር ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ ሊፍት ሲጠብቁ ይህን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ለሚያነቡ ባልደረቦቼ በሙሉ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ሲስተማችን የሚያብረቀርቅ፣ ነገር ግን እንደ እሱ በየመሃሉ «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ የማይደርቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ደህና ይሠራ የነበረ ነገር ለምን ይነካል? ይህን ጥያቄ በልቡ ያልጠየቀ ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጠያቂዎቹን «ለውጥ ፈሪዎች» እያልኩ ስከራከር የከረምኩት ግን ሌላ ማንም ሳይሆን እኔው፣ በመምሪያዎ በሙከራ ቅጥር ላይ ያለሁትና «ምሩቁ» እየተባልኩ የምጠራው ነኝ። በስብሰባው ላይ አሮጌውን ሲስተም «የሙዚየም ዕቃ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያጨበጨቡልኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርባቸውን ቅሬታዎች ሲያነቡ ግማሹ ጥፋት የእኔ መሆኑን እንዳልዘነጋሁ ይወቁልኝ።

አንደኛ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ አምነው የሕንፃውን ኮምፒውተሮች ሲስተም በአንድ ቅዳሜና እሁድ እንድቀይር ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ውሃ የተቋረጠበት ደንበኛ ሲደውል ስልኩን የሚያነሱት፣ ሁላችንም «እናታችን» የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ዓይነ ስውር መሆናቸውን ያውቃሉ። በአንድ ጆሯቸው ደንበኛውን፣ በሌላው ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብላቸውን ፕሮግራም እየሰሙ ነው የሚሠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ ስክሪን የሚባል ነገር የለም፤ ምን ያደርግላቸዋል? እኔ ግን ያን ዕለት ከጎረቤት ቢሮ ስክሪን ተውሼ ሰካሁ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ሲመጣ ደስ አለኝ፣ «ይሠራል» ብዬ ምልክት አደረግሁ፣ ስክሪኑን ነቅዬ መለስኩ። የጆሮ ማዳመጫውን ለማንሳት እንኳ አላሰብኩም። ሰኞ ጠዋት አንባቢው ፕሮግራም አዲሱ ሲስተም ላይ ተከፍቶ ወዲያው ተዘጋ። ከአዲሱ ጋር አብሮ የመጣው አንባቢ ደግሞ የፈረንጁን እንደ ውሃ ያንበለብለዋል፤ የእኛን ፊደል ሲያይ ግን ጭጭ።

ሁለተኛ፣ ችግሩን በጽሑፍ እንዳሳወቅሁ ለሰጡት ፈጣን ምላሽ ምስጋናዬ ወደር የለውም። በማግስቱ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን «ፊደሉ ጎላ ብሎ እንዲታያቸው» ከሚል ማስታወሻ ጋር ላኩላቸው። እናታችን ጠርዙን በእጃቸው እየዳበሱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሹራባቸውን የሚሰቅሉበት አጥተው ስለነበር አደራ አመስግንልኝ ብለውኛልና ምስጋናቸውን በዚሁ ይቀበሉ። ሳቁ ሲበርድ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ እኔ እኮ ‹ሲስተም የለም› ብዬ ሰው መልሼ አላውቅም ነበር» አሉኝ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በስልክ ክፍሉ በር ባለፍኩ ቁጥር በኮቴዬ ለይተው «ምሩቁ፣ በላህ?» ይሉኛል፤ እኔም በላሁም አልበላሁም ሳልል እሸሻለሁ።

ሦስተኛ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እናታችን በዋናው በር ወንበር ተሰጥቷቸው «ደንበኞችን በፈገግታ የመቀበል» ሥራ እንዲሠሩ መወሰንዎን ሰምቻለሁ። ኮምፒውተራቸው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ላቀረብኩት ጥያቄም «ተቋማችን ወደ ኋላ አይመለስም፤ አሮጌው ሲስተም የሙዚየም ዕቃ መሆኑን የራሳችን ባለሙያ መስክሯል» ብለው መልሰዋል። ንግግሬ በማኅተም ተደግፎ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ፤ ባይደገም ግን እወዳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አላምጬ ነው የምጽፈው። የአሮጌው ሲስተም ሠሪዎች ጥበቃቸውን እንዳቆሙና ለሌባ በር እንደሚከፍት እርስዎ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ይህን እያሰብኩ፣ የሙከራ ቅጥሬንም እያሰብኩ፣ እጄን ወደ ማውሱ ልኬ ደጋግሜ መልሻለሁ። ነገር ግን ያቺ አንዲት ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነጥላ፣ በውስጥ መስመር ብቻ የደንበኞችን መዝገብ እንድታይ ማድረግ ይቻላል። አዲሱ ሲስተም ራሱ ሁሉን እንደነበረ ወደ አሮጌው የሚመልስ ቁልፍ ትቶልናል፤ እሱም ዓርብ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አንባቢው ፕሮግራም ጭምር ሁሉም ተደምስሶ እንደገና መጫን ይኖርበታል፤ አንባቢውን ፕሮግራም የሠራው ድርጅት ደግሞ ስለፈረሰ ሌላ ቅጂ የሚሰጠን የለም። ዓርብ ካለፈ እናታችን ሥራቸውን አጡ ማለት ነው።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ከሰዓት «ተው» የሚል መልስ ከነምክንያቱ ካልደረሰኝ ቁልፉን እጫነዋለሁ። በዚህ የተነሳ ብባረር በዋናው በር የተዘጋጀው ወንበር ያለ ሰው እንዳይቀር እኔው እቀመጥበታለሁ፤ ፈገግታም አላጣም።

ለማዘመን ሁልጊዜ የሚቸኩለው፣ ከእንግዲህ ግን ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን የሚጠይቀው፣
ከታላቅ አክብሮትና ከማያስተኛ ጸጸት ጋር፣
ታዛዥዎ ምሩቁ

ማስታወሻ፦ ቅየራውን ያካሄድኩት እኔ በመሆኔ፣ በሕንፃው ውስጥ አንዲት ኮምፒውተር ብቻ እስከ ዛሬ በአሮጌው ሲስተም እንደምትሠራ አውቃለሁ። እሷም በክቡርነትዎ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ናት። ጸሐፊዎ «እሳቸው የለመዱት እሱን ነው፣ አትንካባቸው» ብላ ከበር መልሳኛለች። ይህ ፈቃድ በምን ዓይነት ማመልከቻ እንደሚገኝ በመልስዎ ቢገልጹልን ባለውለታዎ ነን፤ የምታውቁ ባልደረቦቼም ብትኖሩ ከዚህ በታች ጻፉልኝ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ትቻለሁ።